ሁለት ሰው ይግባ፣ መስኮቱ ይከፈት

ምልልሱ የሚካሄደው ዱራሜ ነው። አንደኛው ተናጋሪ ጡረታ የወጡ መምህርና የሰፈራቸው ዕድር ዳኛ ናቸው። ሁለተኛዋ የእህታቸው ልጅ ናት፤ በሌላ ከተማ ሆስፒታል፣ በተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ነርስ ሆና ትሠራለች፤ አሁን ለዕረፍት መጥታለች። ሁለቱም በምናብ የተፈጠሩ ሰዎች ናቸው። አንድ የዕድሩ አባል በሳምባ ምች ታመው ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ዕድሩም እሑድ ከጸሎት በኋላ ሊጠይቃቸው ተቀጣጥሯል።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ እሑድ ስንት ሰው ነው የሚሄደው?

ዳኛው፦ ሚኒባሱ የያዘውን ያህል። የቀረው በባጃጅ ይከተላል። ከመዘምራኑም እንሄዳለን ያሉ አሉ። ሰውየው ለዕድሩ የደከመ ሰው ነው። ድንኳን ሲተከል፣ ወንበር ሲጓጓዝ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነበር። ዛሬ እሱ ሲተኛ ብንቀር ምን እንባላለን?

ነርሷ፦ የሚባለውን አውቃለሁ። ግን እለምንዎታለሁ፣ ሁለት ሰው ብቻ ይሂድ።

ዳኛው፦ ሁለት? አንቺ እኮ እዚሁ ተወልደሽ ያደግሽ ነሽ። እዚህ አገር የታመመን መጠየቅ ለቅሶ ከመድረስ አያንስም። ወንጌሉም ቢሆን፣ ማቴዎስ ምዕራፍ 25 ላይ፣ ሕሙምን መጠየቅን የሚቆጥረው የተራበን ከማብላትና የታረዘን ከማልበስ ጋር ነው። ደግሞስ በ2012 ያየነውን አይተናል። ያ እንዲመለስ የሚፈልግ ሰው የለም።

ነርሷ፦ እኔም አልረሳሁትም። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ አዲስ አበባ ተገኘ፤ ወሩ ሳይወጣ፣ መጋቢት 30 ቀን፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። የሆስፒታል በርም ተዘጋ። ለመተንፈስ የሚታገል ሰው አጠገቡ የሚያየው ፊቷ በማስክና በመነጽር የተሸፈነ ነርስ ብቻ ነበር። የማላውቃቸውን ሰዎች እጅ ይዤ ያደርኩባቸው ሌሊቶች አሉ። ቤተሰብ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ የሚልከው መልእክት ሲደርስ ሰውየው አልፎ የሚገኝበት ጊዜ ነበር። በሽተኛ ያለ ሰው መተው እንደሌለበት ያኔ በደንብ ገብቶኛል። ዛሬ ልክ ካበጀንለት በሩ ዳግም መዘጋት አያስፈልገውም ብዬ ነው የምለምንዎት።

ዳኛው፦ በሩ ክፍት ከሆነ ሁለት ሰው መግባቱና ሃያ ሰው መግባቱ ምን ለውጥ አለው? ሰላም ብለን፣ ጸልየን፣ ይማርህ ብለን እንወጣለን። አንቆይም።

ነርሷ፦ እስኪ አገባባችንን አብረን እናስበው። ስድስት አልጋ ያለበት ክፍል ነው እንበል። ሃያ ሰው ሲገባ መጀመሪያ ምን ያደርጋል?

ዳኛው፦ ሁሉንም ይጠይቃላ! ሌላውን በሽተኛ አልፎ ወደ ራስ ዘመድ መሄድማ ነውር ነው።

ነርሷ፦ ከበሩ ጀምሮ በየአልጋው «እግዜር ይማርህ»፣ «ይማርሽ» እያለ እጅ እየጨበጠ ያልፋል። ይህን ልማድ እወደዋለሁ፤ ከሩቅ ወረዳ መጥቶ ጠያቂ ያጣ ሰው የሚጽናናው በእሱ ነው። ነገር ግን በበሩ በኩል የተኛው ሰው እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሲያስል ከቆየ፣ ያው ጨብጠነው የመጣነው እጅ በወዲያኛው ጥግ ያለው፣ ትናንት ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ዘንድ ይደርሳል። በሃያ እጅ ያባዙት። ወንበር ስለማይበቃ በጎረቤት አልጋ ጠርዝ እንቀመጣለን። አጥሚቱ ከፔርሙዝ ይቀዳል፤ ቆጮውና ሙዙ ከፌስታል ይወጣል፤ ሳይቀምስ የሚቀር ሰው እንዳይኖር ይታደላል። ከዚያ ጸሎት፣ ከጸሎቱ መዝሙር። ይህ ሁሉ ሲሆን መስኮቱ ዝግ ነው።

ዳኛው፦ የእጁ ነገር ገብቶኛል። በሳሙና መታጠብ ነው። መዝሙሩን ግን ምን አድርግ ትይኛለሽ?

ነርሷ፦ መዝሙሩ ከእጁም ያሰጋኛል። ሰው ሲያስልና ሲያስነጥስ ብቻ ይመስለናል እንጂ ሲያወራም፣ ሲተነፍስም ዓይን የማያየው ርጥበት ከአፉና ከአፍንጫው ይወጣል። ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ይበዛል፤ ሲዘምር ደግሞ ይብሳል። ትልልቁ ጠብታ አንድ ሁለት ሜትር ሳይርቅ መሬት ይወድቃል። ደቃቁ ግን በተዘጋ ጎጆ ውስጥ እንደሚቆይ ጭስ አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ መውጫ እስካላገኘ ድረስ ክፍሉን ይሞላል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ መጋቢት 1 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ እኛ ገና ስለ ኮቪድ ከሩቅ በምንሰማበት ጊዜ፣ 61 የመዘምራን ቡድን አባላት ለሁለት ሰዓት ተኩል ተለማመዱ። አንዷ ጉንፋን መሰል ስሜት ብቻ ነበራት። ከዚያ ልምምድ በኋላ እሷን ጨምሮ 53ቱ ታመሙ፤ ሁለቱ ሞቱ። እነሱ ጤነኞች ሆነው የተሰበሰቡ ነበሩ። የሆስፒታል ክፍል ግን የደከሙ ሰዎች ተሰብስበው የተኙበት ነው።

ዳኛው፦ ጉንፋን ብቻ ነበራት?

ነርሷ፦ ጉንፋን መሰል። አንዳንዱማ ምንም ሳይሰማው ነው የሚያስተላልፈው። ኮቪድ ሕመሙ ከመጀመሩ ሁለት ቀን ያህል አስቀድሞ ሊተላለፍ ይችላል፤ ኢንፍሉዌንዛም አንድ ቀን ገደማ ይቀድማል። ኩፍኝ የያዘው ሕፃን ደግሞ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ ሁለት ሰዓት አየሩ ላይ ሊቆይ ይችላል። «ያሳለው ብቻ ይቅር» ማለት ያስፈልጋል፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ቁጥሩም ማነስ ያለበት ለዚህ ነው። የሚገባው ሰው ባነሰ ቁጥር ሳያውቅ ይዞ የሚገባ ሰው የመኖሩ ዕድልም ያንሳል።

ዳኛው፦ ይህ ሁሉ እኛን ብቻ ነው የሚመለከተው? ሌላው አገር በሽተኛውን ለነርስ ሰጥቶ ይሄዳል ይባላል። መጠየቅና ማስታመም የእኛ ባህል ስለሆነ ችግሩም የእኛ መሰለኝ።

ነርሷ፦ ደቡብ ኮርያም እንደኛው ነበረች።

ዳኛው፦ ቃኘው ሻለቃ የዘመተላት ኮርያ?

ነርሷ፦ እሷው። እዚያም በሽተኛን የሚያስታምመው ቤተሰቡ ነበር፤ አስታማሚው አልጋው ሥር ያድር ነበር፤ አንድ ክፍል ብዙ አልጋ ይይዝ ነበር፤ ዘመድና የሥራ ባልደረባ እየተመላለሰ ይጠይቅ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው መርስ የሚባለውን የሳምባ በሽታ ከመካከለኛው ምሥራቅ ይዞ ተመለሰ። ምን እንደያዘው እስኪታወቅ ከአንድ የሕክምና ቤት ወደ ሌላው ተዘዋወረ። ከእሱ የያዘው ሌላ በሽተኛ ሴኡል ውስጥ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሦስት ቀን ያህል ቆየ፤ ከ80 በላይ ሰው ከእሱ ብቻ ተያዘ። በመጨረሻ በዚያ ወረርሽኝ የታመሙት 186 ደረሱ፤ 38ቱ ሞቱ። ከታመሙት ከሦስት አንዱ ያህል ደግሞ በሽተኛም የሕክምና ባለሙያም አልነበረም፤ አስታማሚና ጠያቂ ነበር።

ዳኛው፦ ሊጠይቅ ሄዶ!

ነርሷ፦ ሊጠይቅ ሄዶ። ኮርያ ሀብታም አገር ናት፤ ሆስፒታሎቿም የታወቁ ናቸው። ግን በአንድ ክፍል ውስጥ ሰው ሲታጨቅ መሣሪያው ብዙም አላዳነም። ከዚያ በኋላ የጥየቃ ሥርዓታቸውን አጠበቁ።

ዳኛው፦ መስኮቱ ተዘግቷል ስትዪ ነበር። እዚያ ላይ አልስማማም። የሳምባ ምች የያዘው ሰው ላይ መስኮት ይከፈታል? ከሐምበሪቾ ተራራ የሚወርደውን ንፋስ ታውቂዋለሽ። ክረምት ላይ ጤነኛው እንኳ ቡልኮ ይደርባል።

ነርሷ፦ በሥራዬ ከሁሉ በላይ የምታገለው ከዚህ ጋር ነው። ጠዋት ገብተን እንከፍታለን፤ መርፌ ሰጥተን ስንመለስ ተዘግቷል። የዘጋው ወይ አስታማሚው ነው፣ ወይ ጠያቂው። ክፋት የለበትም፤ በሽተኛውን ከብርድ ያዳነው ይመስለዋል። ጋሼ፣ የሳምባ ምችን የሚያመጣው ጀርም ነው። ብርድ በሽተኛን እንደሚያሠቃይ አልክድም። ለብርዱ ጋቢ አለ፣ ብርድ ልብስ አለ፣ ካልሲ አለ፣ ትኩስ አጥሚት አለ። ለታፈነ አየር ግን ከመስኮት በቀር ምንም የለንም። የነርስነት ሙያ መሥራች የምንላት ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1859 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ የአስታማሚ የመጀመሪያ ተግባር ብላ ያስቀመጠችው ይህንኑ ነው፤ በሽተኛው ሳይበርደው የሚተነፍሰው አየር እንደ ውጭው አየር ንጹሕ ይሁን ትላለች።

ዳኛው፦ እሷ የአገሯን ሆስፒታል አይታ ነው።

ነርሷ፦ እንግዲያው ከሀብታሞቹ ያልሆነ አገር ላምጣልዎ። ፔሩ ውስጥ፣ ሊማ ከተማ፣ ቲቢ የበዛባቸው ስምንት ሆስፒታሎች ውስጥ ተመራማሪዎች አየሩ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚለወጥ ለኩ፤ ጥናቱ የታተመው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። በማሽን አየር የሚገባላቸው ዘመናዊ ክፍሎች በሰዓት 12 ጊዜ ይለውጡ ነበር። መስኮትና በራቸው የተከፈተ ተራ ክፍሎች ግን 28 ጊዜ። ከሁሉ የተሻሉት ደግሞ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ሰፊ የሆነ አሮጌ ሕንጻዎች ሆነው ተገኙ። ማሽኑ ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል፤ መብራትም ይፈልጋል። መስኮቱ የሚፈልገው የሚከፍተው ሰው ነው። እኛ ግን በነጻ የተሰጠንን እንዘጋዋለን።

ዳኛው፦ አያቶቻችን ወረርሽኝ ሲመጣ ቤት ዘግተው ያጥኑ ነበር እኮ። የኅዳር በሽታ የሚባለው፣ በ1911 ዓ.ም. የገባው፣ አዲስ አበባን ባዶ ሊያስቀራት ነበር። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። ኅዳር 12 ቆሻሻ እየሰበሰቡ ማቃጠል የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል። በየትምህርት ቤቱ ለልጆቹ ሳስተምር ይህን እነግራቸው ነበር፤ አየሩን ለማጽዳት ነው እያልኩ።

ነርሷ፦ ያኔ በዓለም ላይ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ የጨረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነው እኛም ጋ የገባው። ሰዉ ነገሩ በአየር እንደሚመጣ መጠርጠሩ ትክክል ነበር፤ ያም በዚያ ዘመን ትልቅ ማስተዋል ነው። ጭሱ ግን ጀርሙን አይገድለውም፤ የታመመ ሳምባን ይብስ ያስቆጣል። አየሩን የሚያጸዳው የውጭው ነፋስ ነው። በሽተኛው ቀጥታ እንዳይነፍስበት አልጋውን ከመስኮቱ ፊት ፈቀቅ ማድረግ፣ የላይኛውን ክፍል መክፈት፣ በሩንም ገርበብ አድርጎ አየሩ እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል። ይህን እርስዎ በዕድሩ ስብሰባ ቢነግሯቸው ከእኔ ይልቅ ይሰማሉ። ነርስ ስትከፍት የተዘጋውን መስኮት የዕድር ዳኛ ሲከፍተው ማን ይዘጋዋል?

ዳኛው፦ እናገራለሁ። ማስክ አድርጉ ብትዪ ግን ሰዉ አይቀበልሽም። በሽተኛ ፊት አፍንጫን ሸፍኖ መቆም «ተጸየፍኩህ» እንደማለት ነው። አንድ ጊዜ ቲቢ የያዘው የጎረቤታችን ልጅ በዚህ ምክንያት ከሰው ተለይቶ ከረመ።

ነርሷ፦ ለዚህ አፍ ያስፈልጋል። በሩ ላይ ሳሉ «ይህን ያደረግሁት እኔ ይዤብህ እንዳልመጣ ነው» ይበሉት። እውነቱም ይኸው ነው፤ ማስክ ከለባሹ የሚወጣውን ያስቀራል፤ ለባሹንም በመጠኑ ይጠብቀዋል። ኦክስጅን ላይ ያለ ሰው ይህን ሲሰማ ዓይኑ ሲለወጥ አይቻለሁ። የቲቢውን ካነሡ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ታውቆበት መድኃኒቱን በአግባቡ የጀመረ የቲቢ ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ የማስተላለፍ ኃይሉ በጣም ይቀንሳል። ሰው የሚሸሸው እሱን ነው። የሚያሰጋው ግን ከሁለት ሳምንት በላይ እያሳለ ያልተመረመረው፣ ምናልባትም ከእኛው ጋር ሊጠይቅ የገባው ሰው ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ የእኛ ልጆች በሚሰደዱበት አገር፣ ቱጌላ ፌሪ በምትባል የገጠር ከተማ ባለ ሆስፒታል በ2005 እና በ2006 እ.ኤ.አ. መድኃኒት የማይበግረው ቲቢ በሆስፒታሉ ውስጥ ከበሽተኛ ወደ በሽተኛ እየተላለፈ 53 ሰዎች ላይ ተገኘ፤ ከነሱ የተረፈው አንድ ብቻ ነው። የጎረቤታችሁንም ልጅ መጠየቅ ይቻል ነበር፤ ደጅ፣ ፀሐይ ላይ፣ ወንበር ራቅ አድርጎ። ስድስት ወር መድኃኒት የሚውጥ ሰው ሰው ካጣ መድኃኒቱንም ይተዋል፤ ያ ነው ጉዳቱ።

ዳኛው፦ እሺ። ሁለት ሰው ካልሽ ሁለት ሰው እንላክ። አንዱ እኔ ነኝ፣ ሌላው ጸሐፊው።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ እርስዎን እኮ ነው የማልልከው።

ዳኛው፦ እኔን? የዕድሩን ዳኛ?

ነርሷ፦ ዕድሜዎ 70 አልፏል፤ ስኳርም አለብዎት። በክፍሉ ውስጥ አንድ ነገር ቢኖር ቀድሞ የሚያገኘውና ጠንክሮ የሚይዘው እርስዎን ነው። ልማዳችን ከሚከብደኝ ቦታ አንዱ ይህ ነው። ሽማግሌ ካልገባ ጥየቃው ጥየቃ አይሆንም፤ ስለዚህ ከሁሉ ቀድመን የምናስገባው ከሁሉ በላይ ልንጠብቀው የሚገባንን ሰው ነው። ነፍሰ ጡርም እንዲሁ። ሕፃናትም እንዲሁ። የሳምባ ምች ክትባት ለሕፃናት መሰጠት ከጀመረ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ሕፃናት ድነዋል፤ ክትባቱ ግን ሁሉንም ጀርም አይሸፍንም፤ ሕፃን ደግሞ የነካውን ሁሉ አፉ ይከታል። የወለደችን ልንጠይቅ ሄደን አራሱን ሕፃን የምንስመውም ነገር ቢቀር ደስ ይለኛል። ለአዋቂ ሳል ብቻ የሆነው ትክትክ ለአራስ ሕፃን ሞት ሊሆን ይችላል።

ዳኛው፦ የእኔ መቅረት ግን ለሰውየው ሕመም ይሆንበታል። ምን አጥፍቼ ነው ዳኛው የቀረብኝ ይላል።

ነርሷ፦ ይላል። ስለዚህ አይቅሩበት። በልጁ ስልክ ይደውሉለት፤ ድምፅዎን ይስማ፤ ምክንያቱን ራስዎ ይንገሩት። ቤቱ ሲመለስ ደግሞ ከሁሉ በፊት ደጁ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁት። የሚገባው ሰው ደግሞ ጤነኛ መሆን አለበት፤ ያልታመመ፣ በሰሞኑ ቤቱ ውስጥም የታመመ ሰው የሌለበት፣ ጠንካራ ሰው። ሲገባ እጁን በሳሙና ከ20 ሰከንድ ባላነሰ ጊዜ ይታጠብ፤ ሲወጣም እንዲሁ። ከበሩ ሆኖ ሁሉንም በሽተኛ ዝቅ ብሎ ይማራችሁ ይበል። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። መዘምራኑም ቢሆኑ ግቢው ውስጥ፣ ዛፍ ሥር ቆመው፣ ሆስፒታሉ ከፈቀደላቸው ዝግ ባለ ድምፅ ቢዘምሩ በተከፈተው መስኮት ይሰማዋል።

ዳኛው፦ ሠላሳው ዕድርተኛ ግን ምን ይሥራ? አንድ ነገር ሳያደርግ ቁጭ በል ብትዪው አይችልም። ልቡ አያርፍም።

ነርሷ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም ላነሣው ነበር። እርስዎ ስለ በሽተኛው ብቻ ነው የጠየቁኝ። አልጋው ሥር ስላለችው ልጁስ? ወለሉ ላይ አንሶላ አንጥፋ ነው የምታድረው። የምታጥበው፣ የምታበላው፣ ሌሊት ነርስ የምትጠራው፣ መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን የምትዞረው እሷ ናት። አስታማሚ ባይኖር ኖሮ ሆስፒታሎቻችን አንድ ቀን አይውሉም። ሃያ ሰው በመጣ ቁጥር እሷ ተነሥታ ታስተናግዳለች፤ ቡና የት ላፍላ ብላ ትጨነቃለች። ለአሥር ደቂቃ ሃያ ሰው ከሚቆም፣ አንድ ሰው አንድ ሌሊት ቢያድርላትና ቤቷ ሄዳ ብትተኛ ይሻላታል።

ዳኛው፦ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ተራ እናወጣለን! በየሌሊቱ አንድ ሰው። ሠላሳ ሰው አለን፤ ወር ይሸፍናል።

ነርሷ፦ ሠላሳ ሰው በሠላሳ ሌሊት ከገባ ግን ሠላሳ ሰው ገባ ማለት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ጤነኞች ምረጡና እነሱ ይፈራረቁ፤ ፊታቸውንም ነርሶቹ ይልመዱት። የቀራችሁት እነሱን ደግፉ። የአዳሪውን ልጆች የሚያበላ ይኖራል፤ የበሽተኛውን ከብት የሚያይ፣ እንሰቱን የሚጠብቅ፣ ጓሮውን የሚኮተኩት ይኖራል። የሚኒባሱ ኪራይ የመድኃኒት ይሁን። በሽተኛ ተኝቶ የሚያስጨንቀው ይህ ነው፤ ማን መጣ ብሎ ከመቁጠሩ በፊት ላሟን ማን አለባት ብሎ ያስባል።

ዳኛው፦ አሁን እኔም የማነሣው አለኝ። ሁሉንም ከእኛ ጠየቅሽ። ሰው ለምን እንደሚጎርፍ ግን አልጠየቅሽም።

ነርሷ፦ ይንገሩኝ።

ዳኛው፦ ወሬ ስለሌለው ነው። ሰውየው ተሻለው ወይስ ባሰበት የሚነግረን የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ በዓይኑ ሊያይ ይሄዳል። መስከረም ላይ፣ በመሳላ በዓል ሰሞን፣ ከአዲስ አበባና ከሐዋሳ የሚመጣው ሁሉ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ሆስፒታል የሚገባው ለምን ይመስልሻል? ለጥየቃ ብቻ አይደለም፤ እውነቱን ለማወቅ ነው። ሆስፒታል በቀን አንድ ጊዜ፣ በታወቀ ሰዓት፣ ለአንድ የቤተሰብ ተጠሪ ሁኔታውን ቢነግር ግማሹ ሰው አይመጣም። የመጠየቂያው ሰዓትም በር ላይ በአማርኛም በአካባቢውም ቋንቋ ይጻፍ፤ ዘበኛው ሁሉንም እኩል ያስተናግድ። ለዘመዱ በሩን ከፍቶ ለእኛ ሲዘጋ ማንም ደንብ አያከብርም። ታጠቡ ስትሉ ደግሞ ውኃውና ሳሙናው ይኑር። በ2012 በየደጁ የተቀመጠው ባልዲና ሳሙና የት ገባ?

ነርሷ፦ ልክ ነዎት። በብዙ ቦታ ያ ሁሉ ባልዲ ከወረርሽኙ ጋር ጠፍቷል። መታጠቢያ አለ፣ ውኃ የለም፤ ውኃ ሲኖር ሳሙና የለም። ከጠያቂ ሥርዓት የሚጠይቅ ሆስፒታል ይህን ማሟላት ግዴታው ነው። የተጠሪውን ነገር እኔም ስመለስ በክፍሌ አነሣዋለሁ። ነርስ ለሃያ ሰው ሃያ ጊዜ ከምትመልስ ለአንድ ሰው በደንብ ብታስረዳ እሷም ታርፋለች።

ዳኛው፦ የእኛንም ደንብ ላስብበት። ለቅሶ የቀረ ይቀጣል ይላል። ጥየቃ የቀረ ግን በጽሑፍ አይቀጣም፤ በሐሜት ነው የሚቀጣው። ያ ነው የሚከብደው። አንድ ሰው እያሳለው፣ ትኩሳት እያለው «ቀረ» እንዳይባል ተነሥቶ ይሄዳል።

ነርሷ፦ እንደዚያ አስቦ ማንንም ሊጎዳ ሳይሻ የሚገባ ሰው ብዙ ነው። እሱን ከሐሜት ነጻ ሊያወጣው የሚችለው ዕድሩ ብቻ ነው። የሆስፒታል ማስታወቂያ ይህን አይችልም።

ዳኛው፦ እንግዲያው እሑድ ሚኒባሱ ይቀራል። ከጸሎት በኋላ እዚያው እንሰበሰባለን፤ ሁለት ሰው እንመርጣለን፤ ለማደሪያው ተራ እናወጣለን፤ ደንቡ ላይም አንድ አንቀጽ እንዲጨመር ሐሳብ አቀርባለሁ። በዱራሜም፣ በሺንሺቾም፣ በአንጋጫም፣ በሆሳዕናም ያላችሁ የዕድር ዳኞች፣ እናንተም በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ይህን አንሡ፦ ሳል፣ ትኩሳት ወይም ጉንፋን ያለበት አባል ሕሙም ከመጠየቅ ነጻ ነው፤ በምትኩ ጤነኛ ሰው ይላካል፤ የቀረው አባል አይቀጣም፣ ስሙም በክፉ አይነሣም።